ከዓርብ ወደ እሑድ አንቸኩል፦ መከራና የመተው ስሜት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ የክርስትና ታሪክ



የፋኩልቲያችን ዓመታዊ የሕዝብ ንግግር ዘንድሮ ለእኔ ስለተሰጠ ከልብ አመሰግናለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ያስመረጠኝ ግን የአንድ አረጋዊ ወቀሳ ነው። ስለዚህ ከወቀሳው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ በተካሄደ አንድ የጥናት ጉባኤ ላይ፣ በደርግ ዘመን ስለተዘጉ አብያተ ክርስቲያናት ጽሑፍ አቅርቤ ነበር። ጽሑፉ በአኃዝ የተሞላ ነበር፤ መደምደሚያውም ደስ የሚያሰኝ፦ አሳዳጆቹ አለፉ፣ የተሰደዱት በዙ። ከጭብጨባው በኋላ፣ በሻይ ዕረፍት ሰዓት፣ አንድ አረጋዊ ወደ እኔ ቀረቡ። በዚያ ዘመን ስለ እምነታቸው የታሰሩ፣ መሪም ሰባኪም ያልነበሩ፣ ተራ ምእመን ናቸው። እጄን ይዘው፣ «ዶክተር፣ ቁጥሩን ነገሩን፤ ሌሊቱን ግን አልነገሩንም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በእስር ቤት ሳሉ ለብዙ ወራት መጸለይ እንዳቃታቸው፣ እግዚአብሔር ፈጽሞ ትቶኛል ብለው ያምኑ እንደነበር፣ ከተፈቱ በኋላ ግን ምስክርነት እንዲሰጡ በተጋበዙ ቁጥር ይህን ክፍል እየዘለሉ ሲናገሩ እንደኖሩ አጫወቱኝ። «ሰው የሚፈልገው መጨረሻውን ነው» አሉ።

የዛሬው ሐሳቤ ከዚህ ወቀሳ የተወለደ ነው። በክርስትና ውስጥ በእግዚአብሔር የመተው ስሜት ከእምነት ውጭ የወደቀ ሰው ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። እኔ ግን ይህ ስሜት በእምነቱ እምብርት ላይ የተቀመጠ ጩኸት ነው እላለሁ። ሰባክያንም ሆንን የታሪክ ጸሐፊዎች ለመከራ ምክንያት ወይም ፍሬ ልናገኝለት ስንቸኩል፣ ጩኸቱን ከመዝገብ እንፍቀዋለን። ይህን ከምንኖርበት ምድር፣ ከአዳማ፣ ከሞጆና ከዝዋይ ታሪክ በተወሰዱ ጊዜያት ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ጩኸቱ ራሱ ጥቂት ልበል። ማቴዎስና ማርቆስ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ፣ በ9 ሰዓት ገደማ፣ አምላኩ ስለምን እንደተወው በታላቅ ድምፅ እንደጠየቀ ጽፈዋል። ወንጌላቱ በግሪክኛ ሲጻፉ ይህ ቃል የአራማይክ ድምፁን እንደያዘ ቀረ፤ የግእዝና የአማርኛ ተርጓሚዎችም ድምፁን ጠብቀው ትርጉሙን ከጎኑ አኖሩለት። ሉቃስና ዮሐንስ ግን ይህን ጩኸት አልመዘገቡም። ስለዚህ ከአራቱ ወንጌላት በሁለቱ ብቻ ይገኛል ማለት ነው። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ከባድ ቃል ለማለስለስ ብትፈልግ ኖሮ ሁለቱን መዘንጋት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

ቃሉ በግእዙ ቁጥር የመዝሙር 21፣ በዕብራይስጡ ቁጥር የመዝሙር 22 መክፈቻ ነው። ያ መዝሙር በምስጋና ይጠናቀቃል፤ ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች ጌታ መጀመሪያውን ሲጠራ መጨረሻውን አስቦ ነው ይላሉ። ነገር ግን በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ በምስጋና የማይጠናቀቅ መዝሙርም አለ። በግእዙ 87ኛ፣ በዕብራይስጡ 88ኛ የሆነው መዝሙር የሚያበቃው በጨለማ ነው፤ የተስፋ ቃል አይከተለውም። ያም ሆኖ ጸሎት ነው፤ ከመዝሙረ ዳዊትም አልወጣም። በሀገራችን ዳዊት የሚደግም ሰው በየጊዜው በዚያ ጨለማ ውስጥ ያልፋል።

ሊቃውንቱ በጩኸቱ ትርጉም ላይ አንድ አልሆኑም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት መለኮት ከሥጋ ለቅጽበት እንኳ አልተለየም፤ ስለዚህ ትርጓሜው ጌታ ይህን የተናገረው ስለ አዳም ተገብቶ፣ የአዳምን ልጆች ጩኸት የራሱ አድርጎ ነው ይላል። ከዚህ በጣም የራቀ የሚመስለውን ንባብ ያቀረበው ጀርመናዊው ሊቅ ዩርገን ሞልትማን ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ በቦምብ ስትነድ ጓደኛው ከአጠገቡ ሲሞት ያየ፣ ከዚያም እስከ 1948 እ.ኤ.አ. የጦር እስረኛ ሆኖ የቆየ ሰው ነው። «የተሰቀለው አምላክ» በተሰኘውና በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ መተው በእርግጥ ደርሷል፣ ወልድም በእርግጥ ቀምሶታል ሲል ይከራከራል። ሁለቱን ንባቦች ማስታረቅ የእኔ ሙያ አይደለም። የሚያገናኛቸውን አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፦ በሁለቱም ዘንድ የተተወ ሰው ጩኸት ለእግዚአብሔር ባዕድ አይደለም።

አሁን ወደ ምድራችን ልመለስ።

የመጀመሪያው ጊዜ 1521 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ በሞጆ አካባቢ፣ ሽምብራ ኩሬ በተባለው ሥፍራ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ። ቀጥሎ የመጣው የዐሥር ዓመታት ስደት ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በደብረ ዳሞ ዐረፈ። የዚያ ዘመን ክርስቲያን ምን ብሎ ጸለየ? አናውቅም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ወደ እኛ የደረሰው ትረካ በአብዛኛው ማብራሪያ ነው። መከራው የመጣው ስለ ኃጢአታችን ነው፤ ንጉሡ ታብዮ ጦርነት ስለተመኘ ነው የሚለው ትውፊት ከእናት ወደ ልጅ ተላልፏል። ይህ ማብራሪያ ጥቅም ነበረው፤ ዓለም ትርጉም የለሽ እንዳልሆነች ያጽናናል። ዋጋውን የከፈለው ግን ተጎጂው ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ከሐዘኑ በላይ የጥፋተኛነት ሸክም ተጫነበት። መጽሐፈ ኢዮብ የተጻፈው እንዲህ ያለውን ማብራሪያ ለመቃወም እንደሆነ ማስታወስ ይገባል፤ በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚወቀሱት ምክንያት ሲደረድሩ የነበሩት ወዳጆች ናቸው።

ሁለተኛው የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ታሪክ ነው። ዛሬ ባቱ ከምንለው ከተማ ዳርቻ ቆመን ስንመለከት የሚታዩት እነዚያ ደሴቶች የዛይ ማኅበረሰብ መኖሪያ ናቸው። በቱሉ ጉዶ ደሴት በሚገኘው በደብረ ጽዮን ገዳም ትውፊት መሠረት፣ ዮዲት በአክሱም ላይ በተነሣች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሽተዋል፤ ታቦቱም 72 ዓመት በደሴቱ ቆይቷል ይባላል። ትውፊቱን በሰነድ ማረጋገጥ ሌላ ጉዳይ ነው። በታሪክ የሚታወቀው ግን የደሴቶቹ ክርስቲያኖች ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት በኋላ ከሰሜኑ የክርስቲያን መንግሥት ተቆርጠው፣ በዙሪያቸው ካለው የኦሮሞ ሕዝብ ጋር እየተገበያዩና ቋንቋውን እየተናገሩ፣ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ እምነታቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን ጠብቀው መቆየታቸው ነው።

ይህን ታሪክ ስናስተምር ሁልጊዜ የምናደንቀው ጽናታቸውን ነው፤ የሚደነቅም ነው። ሆኖም ሦስት መቶ ዓመት ማለት ዐሥር ትውልድ ማለት መሆኑን አስቡ። በመካከለኛው ትውልድ የተወለደ ሰው የጥንቱን አላየም፤ የመጨረሻውንም አያይም። ከሐይቁ ማዶ ያለው የእምነቱ ዓለም መኖሩንም የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው። እርሱ «ተጠብቄያለሁ» ይል ነበር ወይስ «ተረስቻለሁ»? ጥበቃ የሚለው ቃል የተገኘው ዳርቻው ላይ ቆመን ወደ ኋላ ከምንመለከተው ከእኛ ነው። በደሴቱ ላይ ሆኖ በየማታው ውኃውን ለሚመለከት ሰው ሁለቱ ቃላት የተለያዩ እንደነበሩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ሦስተኛው ጊዜ በእኔ ዕድሜ የሆነ ነው። በ1971 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ እና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 13 ዓመታት አሉ። በእነዚያ ዓመታት የሚወዷቸው ሰዎች ሞተዋል ብለው ሊያለቅሱ፣ አሉ ብለው ሊጠብቁ አልቻሉም። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከእነዚያ ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፉት ራሳቸው በእስር ቤት ነው። በትምህርተ ሃይማኖት የተለያዩ የሁለት አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች በአንድ ዓይነት ዝምታ ሥር ወደቁ።

በእኛ ከተማም ያው ዝምታ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሜኖናይት ተልእኮ ሰዎች ወደ ናዝሬት መጥተው፣ በኋላ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ተብሎ የተጠራውን ሆስፒታል ከፈቱ፤ ድሬሰሮችን አሠለጠኑ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ባይብል አካዳሚ የሚባለውን ትምህርት ቤት ጀመሩ። ከዚህ ሥራ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። በ1950ዎቹ ደግሞ «የሰማይ ብርሃን» በሚል ስም የሚታወቀው የወጣቶች ኅብረት በዚሁ ከተማ ተነሣ። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ ትምህርት ቤቱንም ወሰደ። ከመሪዎቿ ስድስቱ ታስረው ከ4 ዓመት በላይ ቆዩ። ምእመናኑ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. በሮቹ ሲከፈቱ የአባላቱ ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ።

ያን ዕለት በጉባኤው ላይ ያቀረብኩት ይህንኑ ነበር፤ ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ መልክ ሲነገር ዕድገቱ ለመከራው ዋጋ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ የታሠሩት ሰዎች ሌሊት ሒሳቡ ተዘግቷል ማለት ነው። ሽማግሌው የነገሩኝ ግን ሒሳቡ እንዳልተዘጋ ነው። በ1978 ዓ.ም. ያልተመለሰ ጸሎት፣ በ1983 ዓ.ም. ብዙ ሰው ስለተጠመቀ ተመልሷል ሊባል አይችልም። ቅጣት፣ ጥበቃ፣ ዕድገት፤ ሦስቱም መልሶች ከውጭ የመጡ ናቸው። ሦስቱም «ለምን ተውከኝ» ብሎ የጠየቀውን ሰው ሳይጠብቁ ስለ እርሱ ይመልሳሉ።

አሁን ከራሴ ቤት አንድ ነገር ልናገር፤ የታሪክ ባለሙያ ይህን ሲያደርግ መጠንቀቅ እንዳለበት አውቃለሁ።

ታላቅ ወንድሜ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ ጠፋ። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት በባዶ እግሩ በከተማችን ሲያልፍ እናቴ በመንገድ ዳር ውኃና ዳቦ ይዛ ትቆም ነበር፤ ለሁሉም እየሰጠች የሁሉንም ፊት ታያለች። አልመጣም። መርዶም አልመጣም። መርዶ ስላልመጣ ፍትሐት ማስፈታት፣ ተዝካር ማውጣት አልቻለችም። የሚጠይቋት ጎረቤቶች «ለበጎ ነው» ይሏት ነበር። አንድ ቀን «ለማን በጎ?» ብላ መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ይህን የደፈረ አልነበረም።

ጎረቤታችን የመሠረተ ክርስቶስ አባል የነበሩ ሴት ነበሩ። እናቴ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናት፤ በሃይማኖት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተከራክረዋል። በዚያ ሰሞን ግን እኚህ ሴት በየከሰዓቱ ይመጡ ነበር። ቡናው ይፈላል፤ ሦስቱም ይጠጣል፤ ጥቅስ አይጠቀስም፣ ምክር አይሰጥም። አንድ ጊዜ ብቻ እናቴ «እርስዎስ ቤታችሁ ሲታሸግ ምን አሉት?» ስትላቸው ሰማሁ። «እንጃ እቴ፤ ምንም የምለው አልነበረኝም። ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር» አሉ። እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከመጡት አጽናኞች ሁሉ ከእግዚአብሔር ፊት ጠበቃ ሆኖ ያልቆመ እኚያ ሴት ብቻ ነበሩ።

እናቴም ብትሆን ቤተ ክርስቲያኗን አልተወችም። ለምን እንዳልተወች የተረዳሁት ሰሙነ ሕማማትን በማጥናት ነው። በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ትለብሳለች። ምእመናን መስቀል አይሳለሙም፤ እርስ በርስ በእጅ ሰላምታ አይለዋወጡም። ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት የሚሆነው ፍትሐት አስቀድሞ በሆሳዕና ይጸለያል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ዕለታት ከክርስቶስ በፊት የነበረውን የ5,500 ዘመን ፍዳ ያስታውሳሉ፤ ሕዝቡ ገና ያልዳነ ሆኖ ይቆማል። በስቅለት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይሰገዳል፤ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻውን መታ እያደረገ ያሰናብተዋል። ቄጠማው የሚመጣው በማግሥቱ ነው፤ ከዚያ በፊት አይመጣም።

ይህን ሥርዓት የደነገጉ አበው ትንሣኤን ያልሰሙ አልነበሩም። መጨረሻውን እያወቁ ሕዝቡን በየዓመቱ በተተወ ሰው ቦታ ላይ አቆሙት፤ ከዓርብም ወደ እሑድ እንዳይዘል ከለከሉት። ፍትሐት ያላገኘው የእናቴ ልጅ ፍትሐት በማይደረግበት ሳምንት ውስጥ ቦታ ነበረው። ዓመቱን ሙሉ «ለበጎ ነው» የሚላት ማኅበረሰብ በዚያ ሳምንት አብሯት በግንባሩ ይወድቅ ነበር። በሥነ ጽሑፋችንም ይህ ቦታ አልጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የተገደሉትን አቡነ ጴጥሮስን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሲያስታውሳቸው ወደ እመ ብርሃን ስሞታ ያሰሟቸዋል። አንባቢ ይህን ስሞታ እንደ ክህደት አልቆጠረውም፤ ሰማዕትነታቸውንም አላሳነሰባቸውም።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ አለ። ጩኸትን ማክበር ሰውን በጨለማ ማስቀመጥ አይሆንም ወይ? መከራን ማወደስስ አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕማማትም ቢሆን በትንሣኤ ያበቃል፤ ከሳምንት በላይ አይቆይም። እኔ የምቃወመው ተስፋን አይደለም፤ በሌላው ሰው ስም መቸኮልን ነው። መከራውን ያየው ሰው ራሱ «ለበጎ ሆነልኝ» ቢል ምስክርነቱን አከብራለሁ። ያን ቃል ሌላ ሰው ቀድሞ ሲናገርለት ግን የሚያጽናናው ራሱን ተናጋሪውን ነው። በዳይም ከዚህ ይጠቀማል፤ መከራ ሁሉ ፍሬ ካፈራ የሚጠየቅ አይኖርምና።

ተማሪዎቼ ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በአዳማ ዙሪያ እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህም በየአቅጣጫው ጦርነትና ግጭት ያፈናቀለው፣ ልጁን ያጣው ሕዝብ በከተሞቻችን አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየራሱ ቋንቋ ወደ ፈጣሪው ይጮኻል። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ እነዚህ ሰዎች መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። «ከዚያ በኋላ እንዴት ተሻላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳታስቀድሙት አደራ እላለሁ። ሲዘሉት የኖሩት ክፍል ይኖራል፤ በትዕግሥት ቆዩላቸው። ዝም ካሉም ዝምታውን በጽሑፋችሁ ውስጥ መዝግቡት።

ከዚያ ጉባኤ በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄጄ ለሦስት ከሰዓት በኋላዎች ያወሩኝን ቀዳሁ። በሦስተኛው ቀን፣ መጸለይ ያቃታቸውን ወራት ተርከው ሲጨርሱ፣ እንደ ልማዴ «ታዲያ መልሱ መቼ መጣ?» ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ መለስኩትም። እርሳቸውም አልነገሩኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዐረፉ። ካሴቱ እኔ ዘንድ አለ፤ በመጨረሻው ላይ የሚሰማው የሲኒ ድምፅና ከደጅ የሚያልፍ ባጃጅ ብቻ ነው። ጽሑፌን ዳግም ሳዘጋጅ አኃዞቹን እንዳሉ ትቼ፣ ከእነርሱ በፊት ያን ሌሊት አስገብቼዋለሁ።